423 ነፍሰ ጡሮች፣ የደብረ ብርሃን ከፍታና አንድ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል

ክሩን (የጥያቄና መልስ ውይይቱን) የከፈተው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ሦስት ጤና ጣቢያዎች የነፍሰ ጡሮችን ደም ማነስ ለማጥናት ፕሮፖዛል እያዘጋጀ ያለ የጤና መኮንን ነው። መረጃ መሰብሰብ ሳይጀምር ትንተናውን በልምምድ ቁጥር ሠርቶ ማየት ስለፈለገ፣ ያስቀመጣቸው አኃዞች የማንም ጥናት ውጤት እንዳልሆኑ ከመጀመሪያው አሳስቧል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚሁ የልምምድ ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው፤ ማንም ወስዶ በጽሑፉ እንዳይጠቅሳቸው እኔም ማሳሰቢያውን እደግመዋለሁ።

ናሙናው 423 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሄሞግሎቢናቸው በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች የሆኑት 21 ናቸው፤ 5 በመቶ መሆኑ ነው። የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (ከናሙናው የተሰላው የግምት ወሰን) ከ2.9 እስከ 7.0 በመቶ ወጣ። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ቡና ከሚጠጡት 180 ሴቶች 13ቱ፣ ከማይጠጡት 243 ደግሞ 8ቱ ደም ማነስ አለባቸው። ኦድስ ሬሾው (በየቡድኑ ደም ማነስ ያለባቸው ለሌለባቸው ተካፍሎ የሁለቱ ቡድኖች ውጤት ሲነጻጸር) 2.3፣ ወሰኑ ከ0.93 እስከ 5.6፣ ፒ ቫልዩው (ምንም ግንኙነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) 0.07 ሆነ። ቀጥሎም በተናጠል ሲፈተሹ ፒ ቫልዩአቸው ከ0.25 በታች የወጡትን ዘጠኝ ተለዋዋጮች ወደ አንድ ሎጂስቲክ ሞዴል (ብዙ ተለዋዋጮች ከደም ማነስ ጋር ያላቸውን ግንኙነት በአንድ ላይ ወደሚያሰላ ቀመር) ሊያስገባ አስቧል። ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ድምዳሜ ጻፈና ትክክል እንደሆኑ ጠየቀ፦ እውነተኛው የደም ማነስ መጠን በ2.9 እና በ7.0 መካከል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው፤ ቡና ከደም ማነስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ናሙናው 423 ስለሆነ ለሁሉም ነገር ይበቃል።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ጠያቂውን ወንድሜ እያለ፣ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ከሦስተኛው ድምዳሜ ጀመረ። 423 የምትባለው ቁጥር በየመመረቂያ ጽሑፉ የምትገኝ ስለሆነች ከየት እንደመጣች ደረጃ በደረጃ አስላ። 1.96 በራሱ ሲባዛ 3.84 ይሆናል፤ በ0.5 እና እንደገና በ0.5 ሲባዛ 0.96፤ ይህ ለ0.05 ስኩዌር፣ ማለትም ለ0.0025 ሲካፈል 384.16። ወደ ላይ ሲጠጋ 385 ነው። ብዙዎች 384 ላይ 10 በመቶ ይጨምሩና 423 ይላሉ። ፈቃደኛ የማይሆኑት 10 በመቶ ይሆናሉ ከተባለ ግን ትክክለኛው ስሌት 385ን ለ0.9 ማካፈል ነው፤ 428 ይሆናል። ልዩነቱ አምስት ሰው ቢሆንም የሐሳቡን ስሕተት ያሳያል አለ። ዋናው ነጥቡ ግን ሌላ ነበር። ይህ ቁጥር የሚመልሰው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው፦ መጠኑ 50 በመቶ ገደማ ቢሆን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ5 የመቶኛ ነጥብ በላይ ሳልስት ልገምተው እችላለሁ ወይ? መጠኑ ራሱ 5 በመቶ ለሆነ ነገር 5 ነጥብ መሳት ማለት ከዜሮ እስከ 10 በመቶ ማለት ስለሆነ ምንም አይነግርም። በ2 ነጥብ ውስጥ ለመገመት 457 ሰው ያስፈልጋል።

መልስ 2። ሁለተኛዋ የቀደመውን አጽድቃ ወደ ቡናው ገባች። ሁለት ቡድን ማነጻጸር ሌላ ቀመር ይፈልጋል፤ 3.3 በመቶን ከ7.2 በመቶ ለመለየት፣ ፓወሩ (ልዩነቱ በእውነት ካለ የመገኘቱ ዕድል) 80 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ወደ 510 ሴት ያስፈልጋል። 180 እና 243 ሲሶውንና ግማሹን ያህል ነው የሚሆነው። ስለዚህ ፒ 0.07 ሲመጣ ግንኙነት የለም ብሎ መጻፍ፣ በጨለማ ቤት ውስጥ መርፌ ፈልጎ ያጣ ሰው መርፌው የለም እንደሚለው ነው አለች። ወሰኑን ተመልከት ብላ አሳየችው፦ ከ0.93 እስከ 5.6 ማለት መረጃው ምንም ልዩነት ከሌለበት ሁኔታ ጋርም፣ ከአምስት እጥፍ ልዩነት ጋርም ይስማማል ማለት ነው። እንዲህ ሰፊ ወሰን የሚነግረን አለማወቃችንን ነው። 0.05 የተባለውም መስመር የስታቲስቲክስ ሊቁ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ለአመቺነት ካስቀመጠው ወዲህ የተለመደ እንጂ ከ0.049 እስከ 0.051 የሚዘለል ገደል የለም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ የሳይንስ ድምዳሜ ፒ ቫልዩ አንድን መስመር በማለፉና ባለማለፉ ብቻ መወሰን እንደሌለበት ጽፏል።

መልስ 3። የመጀመሪያውን ድምዳሜ የሚመልሰው ይህ ለእኔ የክሩ ልብ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። መላሹ በጤና ሳይንስ ትምህርት ስታቲስቲክስ ለሚያስተምሩ ብሎ የጻፈው የእህል ሙከራ ነው። 700 ፍሬ ባቄላና 300 ፍሬ አተር ተቆጥሮ በአንድ ከረጢት ይገባል። እውነቱ ይታወቃል፦ አተሩ 30 በመቶ ነው። ከረጢቱ ሰፊ ትሪ ላይ ተገልብጦ በሁለት እጅ በደንብ ይታሻል፤ ከዚያ አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ከየቦታው 50 ፍሬ ይለቅምና አተሩን ይቆጥራል፤ ወሰኑን ያሰላል፤ ፍሬውን ይመልሳል። ቀጣዩም እንዲሁ። በ50 ፍሬ ወሰኑ ወደ 13 ነጥብ ገደማ ወዲህና ወዲያ ይሰፋል። ሃያ ተማሪ ሃያ ወሰን በሰሌዳው ላይ በአግድም መስመር ሲያሰምር፣ ብዙውን ጊዜ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያው 30ን ይዘው ይገኛሉ፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ይስታሉ፣ ወይም አንዱም አይስትም። 95 በመቶ የሚባለው የዚህ አለቃቀም ጠባይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ቢደጋገም ከመቶ መስመር ዘጠና አምስቱ እውነቱን ይይዛሉ ማለት ነው። አንዱ የተሰመረ መስመር ግን ወይ ይዟል ወይ አልያዘም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ኔይማን እ.ኤ.አ. በ1937 ሐሳቡን ሲያደራጅ ያለውም ይኸው ነው። ፍሬው ወደ 200 ከፍ ቢል ወሰኑ ወደ 6 ነጥብ ተኩል ይጠባል፤ አራት እጥፍ ሥራ ግማሽ ጥበት ይገዛል።

ሙከራው እዚህ አያበቃም። እህሉ ወደ ከረጢቱ ይመለስና ከረጢቱ ለጥቂት ደቂቃ ይነቀነቃል፤ ከጥራጥሬ መጋዘን የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው አተሩ ትንሽና ክብ ስለሆነ በባቄላው መካከል እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል። አሁን ተማሪው ሳያሽ ከላይ ይዝገን። አተሩ 8 ወይም 10 በመቶ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከላይ 50 ሳይሆን 200 ቢዘግንም ስሕተቱ እዚያው ነው፤ ወሰኑ ብቻ ጠቦ ይበልጥ እርግጠኛ ይመስላል። ወሰኑ የሚለካው በደንብ ከታሸ ትሪ ላይ ሲለቀም የሚመጣውን የአጋጣሚ መዋዠቅ ብቻ ነው። ከላይ መዘገንን አይለካም፣ አተርን ባቄላ ብሎ መቁጠርንም አይለካም።

መልስ 4። አራተኛው ወደ መልስ 2 ተመልሶ በአክብሮት አረማት። ከጥናቱ የተገኘውን 3.3 እና 7.2 መልሶ ወደ ፓወር ቀመር ማስገባት አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ፒ ቫልዩውን በሌላ ልብስ ማምጣት ነው። ፒ ከ0.05 በላይ ከሆነ እንዲህ የተሰላው ፓወር ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ናሙና የሚሰላው አስቀድሞ፣ ለእናትየዋ ጤና ትርጉም አለው ተብሎ በተወሰነው አነስተኛ ልዩነት ነው። ከውጤት በኋላ መታየት ያለበት የወሰኑ ስፋት ነው። መልስ ሰጪዋም ሁለት መስመር ጽፋ ተቀበለችው፤ ስለ ወሰኑ ያለችው ግን እንደሚጸና አስታወሰች። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

መልስ 5 አጭር ነው። በ95 በመቶ ዕድል በዚህ መካከል ነው ማለት የሚፈልግ ሰው በቤዝ ዘዴ መሥራት እንደሚችል፣ ለዚያ ግን ከመረጃው በፊት የነበረውን ግምት በግልጽ ማስቀመጥ እንዳለበት ጠቁሞ አለፈ።

መልስ 6። ከዚህ ጀምሮ ድምፁ ይከራል። ጸሐፊው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ ደም ማነስ ያለባቸው 21 ሰዎች ብቻ ሆነው ዘጠኝ ተለዋዋጭ ወደ ሞዴል ማስገባት አማካሪዎች ዝም ብለው የሚያሳልፉት ጥፋት ነው ሲል ጻፈ። ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ አሥር ያህል ክስተት ይኑር የሚለው የቆየ መመሪያ ሻካራ ቢሆንም፣ እዚህ የሚፈቅደው ሁለት ተለዋዋጭ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሞዴሉ የዚችን ናሙና አጋጣሚ ይሸመድዳል፤ ኦድስ ሬሾው ያብጣል፤ አንዳንዱ ወሰን ከ0.8 እስከ 60 እየሆነ ይመጣል። በ0.25 ወንፊት መምረጡንም ነቀፈ። አሳሳቹ ተለዋዋጭ ለብቻው ሲታይ ፒ ቫልዩው ከፍ ብሎ ሳይመረጥ ሊቀር ይችላል፤ በምክንያቱና በውጤቱ መካከል ያለው ተለዋዋጭ ደግሞ ሳይገባው ገብቶ ግንኙነቱን ይደብቃል። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ማን በማን ላይ ተጽዕኖ እንዳለው በቀስት ይሣል፤ ማስተካከል የሚገባው ከሥዕሉ ይነበባል፤ ሶፍትዌሩ አይመርጥም። ጠያቂውን ለምን ይቆጣዋል ያሉ ነበሩ። ቁጣው ለጠያቂው ይበዛበታል፤ ነጥቡ ግን በሙሉ ልክ ነው።

መልስ 7። ክሩን የገለበጠው ይህ ነው። በቤተ ሙከራ ሙያ ያለች መላሽ፣ እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፦ 11 ግራም የሚለው መስመር በየትኛው ከፍታ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኦክስጅን ሲሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ስለዚህ የደጋ ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ማለቱ ብረቱ ሞልቷል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የቀድሞ ሰንጠረዥ በ2500 ሜትር 1.3 ግራም፣ በ3000 ሜትር 1.9 ግራም ከተለካው ላይ እንዲቀነስ ያዝ ነበር፤ ለ2800 ሜትር በቀመሩ ሲሰላ 1.6 ግራም ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ላይ 12.5 የተለካላት እናት ስትስተካከል 10.9 ናት፤ ደም ማነስ አለባት። በጠያቂው መዝገብ ግን ጤነኛ ተብላ ተቆጥራለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የድርጅቱ መመሪያ ደግሞ ከ2500 እስከ 2999 ሜትር ድረስ 1.8 ግራም እንዲቀነስ፣ በሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር መስመሩ 10.5 እንዲሆን አድርጓል። የትኛው እንደሚሠራበት አስቀድሞ ተወስኖ በፕሮፖዛሉ ይጻፍ አለች።

መልስ 8። ያችኑ ተከትሎ ስለ መለኪያው መሣሪያ ተጻፈ። በሄሞኪው (ከጣት በሚወሰድ ደም ሄሞግሎቢን በሚለካው ትንሽ መሣሪያ) ሲለካ ጣቱ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ሳይደርቅ አይወጋ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጠብታዎች ይጠረጉ፤ ጣት እየተጨመቀ አይታለብ፣ በቆዳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ንባቡን ያሳሳታልና። ኩቬቱ (የደሙ ጠብታ ገብቶበት በመሣሪያው የሚነበበው ትንሽ መያዣ) በአንድ ጊዜ ይሙላ፤ ጎድሎ ከሆነ ይጣል እንጂ አይደገምበት፤ በመካከሉ የአየር አረፋ አይኑር፤ ውጭው ይጠረግ። የኩቬቱ ዕቃ ክዳን በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይገባል፤ ዕቃው የተከፈተበት ቀን በእስክሪብቶ ይጻፍበት፣ ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈውም አይሠራበት። ከሦስቱ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ እንደሆነ፣ በጣቢያዎቹ መካከል ልዩነት አለ የሚል ፒ ቫልዩ ይወጣል፤ የተለካው ግን የክዳን ጉዳይ ነው። ይህች የመጨረሻዋ አነጋገር ከመልስ 3 የአተርና የባቄላ ነገር ጋር ቀጥታ ትገጥማለች።

መልስ 9። ጠያቂው ተመልሶ አመሰገነና የልምምድ ቁጥሩን በ1.6 ግራም አስተካክሎ እንደገና አሠራው። ደም ማነስ ያለባቸው ከ21 ወደ 127 ወጡ፤ 30 በመቶ። አዲሱ ወሰን ከ25.7 እስከ 34.4 ነው። ቡና ከሚጠጡት 180 ውስጥ 64፣ ከማይጠጡት 243 ውስጥ 63፤ ኦድስ ሬሾው 1.58፣ ወሰኑ ከ1.04 እስከ 2.40፣ ፒ 0.03። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የመጀመሪያው ወሰን ከ2.9 እስከ 7.0 ነበር፤ አዲሱ በአጠገቡም አያልፍም። ሰዎቹ እነዚያው፣ ደማቸው ያው፣ ቀመሩም ያው ነው። ያ የጠበበ ወሰን ስለ ከፍታው ምንም አያውቅም ነበር። የቡናው ኦድስ ሬሾም ከ2.3 ወደ 1.58 ሲወርድ ፒ ቫልዩው ከ0.07 ወደ 0.03 ወረደ፤ ግንኙነቱ ሳይበረታ ፒ አነሰ። ፒ ቫልዩ የግንኙነት ጥንካሬ መለኪያ አለመሆኑን ከዚህ በላይ በቅርብ የሚያሳይ ምሳሌ አላየሁም።

መልስ 10። አንዱ ግን አልተዋጠለትም። መስመር እየቀያየሩ ፒ ከ0.05 በታች እስኪወርድ መሞከር ዓሣ ማጥመድ ነው፤ በልምምድ የለመደ ሰው በእውነተኛው መረጃም ያደርገዋል ሲል በጠንካራ ቃል ጻፈ። ሃያ ነገር የፈተነ ሰው፣ ምንም ግንኙነት በሌለበት ቦታ እንኳ፣ ፈተናዎቹ እርስ በርስ የማይያያዙ ከሆኑ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 በታች ሊወርድለት ያለው ዕድል 64 በመቶ ነው ብሎም አስላ።

መልስ 11። የቤተ ሙከራዋ መላሽ ተመልሳ መጣች፤ ይህን ጊዜ ትሕትናዋ ቀንሷል። የከፍታ ማስተካከያ ጥናቱ ከመታሰቡ በፊት በዓለም አቀፍ መመሪያ የተጻፈ የመለኪያው አካል ነው፤ ሳይደረግ መቅረቱ ነው ስሕተቱ። ሚዛን በባዶው ሁለት ኪሎ እንደሚያሳይ የተረዳ ነጋዴ ሲያስተካክለው ማን አጭበረበርክ ይለዋል? ሆኖም የመልስ 10ን ስጋት በከፊል ተቀበለች፦ የ1.6 እና የ1.8 ሰንጠረዥ ሁለቱም ተሠርተው ፒ ዝቅ ያለበት ብቻ ቢመረጥ ያ በእርግጥ ዓሣ ማጥመድ ነው። በእውነተኛው ጥናት አንዱ ዋና ተብሎ ይታወጅ፤ ሌላው በተጨማሪ ሰንጠረዥ ይቅረብ፤ ለውጥ ካለ ቀኑና ምክንያቱ ይመዝገብ። መልስ 10 የጻፈው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። እኔ እሷ ትክክል ናት እላለሁ፤ ነገር ግን እሱ ባይከራከራት ኖሮ ይህችን የመጨረሻ ጥንቃቄ አናገኛትም ነበር።

መልስ 12 ወደ ኦድስ ሬሾው ተመለሰ። ደም ማነሱ 5 በመቶ በነበረ ጊዜ ኦድስ ሬሾን እጥፍ ብሎ ማንበብ ብዙም አይጎዳም። አሁን 30 በመቶ ሲሆን ግን ይለያያል። 64 ከ180 ማለት 35.6 በመቶ፣ 63 ከ243 ማለት 25.9 በመቶ ነው። ሲካፈሉ 1.37 ነው፤ 1.58 አይደለም። ቡና የሚጠጡት በ58 በመቶ የበለጠ ደም ማነስ ይይዛቸዋል ብሎ የሚጽፍ ሰው የአኃዝ ስሕተት ይሠራል። ይልቅስ ልዩነቱን በነጥብ ማስቀመጥ ለጤና ጣቢያ ኃላፊ ይገባዋል፦ 9.6 ነጥብ፣ ወሰኑ ከ0.7 እስከ 18.5። ምክር ለመስጠት የሚያስችል ሊሆን ይችላል፣ ኢምንትም ሊሆን ይችላል፤ ወሰኑ ሁለቱንም ይይዛል።

መልስ 13። ቀጣዩ የሰሜን ሸዋን ኑሮ ወደ ስሌቱ አስገባ። ቡናና ሻይ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል፤ ከሥጋ የሚገኘውን ብረት ያን ያህል አይነካም። እንግዲህ በጾም ቀን የሚጠጣ ቡናና በፍስክ ቀን የሚጠጣ ቡና አንድ አይደለም። የአመጋገብ ስብጥር የሚለካው ባለፉት 24 ሰዓታት የተበላውን በመጠየቅ ከሆነ፣ ሐሙስ የተጠየቀች እናት የረቡዕን፣ ቅዳሜ የተጠየቀችው የዓርብን ነው የምትናገረው። ከአሥሩ የምግብ ምድቦች አምስቱን ማሟላት ለጾመች ሴት በጣም ይከብዳል። መረጃው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ብቻ ከተሰበሰበ ዓመቱን ሙሉ አይወክልም፤ በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ ያሉ ሙስሊም እናቶች ደግሞ የጾም አቆጣጠራቸው ሌላ ስለሆነ፣ ሃይማኖትና ከፍታ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በየአራተኛዋ እናት እየቆጠሩ መምረጥም ቀን ካልተሰባጠረ አያድንም፤ በገበያ ቀን የምትመጣው ከሩቅ ቀበሌ ናት፣ በሌላው ቀን ግን የከተማዋ ትበዛለች።

መልስ 14 እና 15 ከመንገድ ወጡ። አንዱ በአማርኛ ጥናት ስንጽፍ ፒ ከ0.05 በታች የሆነውን ሁሉ ጉልህ ማለታችን ሕዝብ እያሳሳተ ነው አለ፤ ጉልህ ማለት ከሩቅ የሚታይ፣ ትልቅ ማለት ነውና። በየቡድኑ 5000 ሕፃናት ተመዝነው የ30 ግራም የክብደት ልዩነት ቢገኝ፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ (ክብደቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) 500 ግራም ከሆነ፣ ፒ 0.003 ይወጣል፤ 30 ግራም ግን ለአንድ ሕፃን ጉልህ አይደለም። ሌላዋ ታዲያ ምን ይባል ብላ ጠየቀች፤ በአጋጣሚ ብቻ ለማስረዳት የሚያስቸግር ማለት ይረዝማል አለች። ኮንፊደንስ ኢንተርቫልንም የመተማመኛ ክልል ማለት ክልል የሚለው ቃል ከአስተዳደሩ ጋር ስለሚምታታ፣ የግምት ወሰን ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበች። በእኔ በኩል ጉልህ የሚለውን ቃል ለልዩነቱ መጠን ብቻ ብናስቀረው እወዳለሁ፤ ፒ ቫልዩውን ደግሞ ቁጥሩን እንዳለ መጻፍ ይበቃል። ሶፍትዌሩ 0.000 ብሎ ሲያወጣም ከ0.001 በታች ተብሎ ይጻፍ፤ ዜሮ ዕድል የለም።

መልስ 16። ወደ ቁም ነገሩ የመለሰችን ይህች ናት። 423ቱ ከሦስት ጤና ጣቢያ 141፣ 141 እየሆኑ ነው የሚመጡት፤ የአንድ ጣቢያ እናቶች ውኃቸው፣ አፈራቸው፣ ገበያቸው፣ ለኪያቸውም አንድ ስለሆነ ይመሳሰላሉ። የመመሳሰሉ መጠን 0.02 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ 140 በ0.02 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት 3.8 ይሆናል፤ 423 ለ3.8 ሲካፈል 111። ስለ ዞኑ ለመናገር የያዝነው መረጃ የ111 ሰው ያህል ነው ማለት ነው። በዘልማድ ናሙናውን በ2 ማባዛት ሁልጊዜ አይበቃም። በሦስት ጣቢያ ብቻ መመሳሰሉን ራሱን በወጉ መገመትም አይቻልም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ፦ ጥናቱ ስለነዚሁ ሦስት ጣቢያዎች ብቻ እንደሆነ በርዕሱ ላይ ይጻፍና ጣቢያዎቹ እንደ መደብ ተቆጥረው ይተንተኑ፤ አለዚያም ከየጣቢያው ጥቂት እናት እየተወሰደ የጣቢያዎቹ ቁጥር ይብዛ። ለክትትል ጨርሰው የማይመጡት ነፍሰ ጡሮች በሁለቱም መንገድ አይታዩም፤ እነሱ ከከረጢቱ ሥር የቀረው አተር ናቸው አለች። ይህን ለማወቅ በጤና ኬላ የቤተሰብ መዝገብ በኩል መሄድ ያስፈልጋል።

መልስ 17። ጠያቂው አሁን ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ሦስቱንም ድምዳሜ ሰርዞ አዲስ ጻፈ፦ በተጠኑት ጣቢያዎች ክትትል ከሚያደርጉ ነፍሰ ጡሮች፣ ለከፍታ ከተስተካከለ በኋላ፣ ደም ማነስ ያለባቸው 30 በመቶ ሲሆኑ መረጃው ከ25.7 እስከ 34.4 ካለው ጋር ይስማማል፤ ቡና በሚጠጡት ላይ መጠኑ በ9.6 ነጥብ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ልዩነቱ ኢምንትም ሰፊም ሊሆን ይችላል፤ ጥናቱ በአንድ ጊዜ የተወሰደ ስለሆነ የትኛው እንደቀደመ አይለይም። ከዚያ አንድ ጥያቄ አከለ። ከፍታው የጤና ጣቢያው ይሁን ወይስ የእናትየዋ ቀበሌ? ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከ1500 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው፤ በሸዋ ሮቢት ማስተካከያው በቀድሞው ሰንጠረዥ ከ0.2 እስከ 0.5 ግራም ነው፣ ከደብረ ብርሃን 1.6 ጋር አይገናኝም።

መልስ 18። የቤተ ሙከራዋ መላሽ ወዲያው መለሰች፦ የምትኖርበት ቀበሌ ነው። ደም ከፍታን የሚለምደው በቀናት አይደለም፣ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል፤ ከቆላ ለወሊድ ወደ ዘመድ ቤት የወጣች እናት ደሟ ገና የቆላ ነው። የስልኩ ጂፒኤስ የከፍታ ንባብ ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ደጃፍ ላይ ሦስት ጊዜ ተነቦ መካከለኛው ይወሰድ። ጠያቂው በኮቦ (በስልክ መረጃ መሰብሰቢያ) ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ መጨመሩን በዚያው ምሽት ጻፈ፦ የመኖሪያ ቀበሌ፤ በዚያ ቀበሌ ያለማቋረጥ የተኖረበት ወር ብዛት።